ልቡን ማን አዳመጠው?

ቆርቆሮዋ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ስትገባ ቀና ሳልል «እንደምን አደሩ እትዬ ዘምዘም» አልኩ። መልስ አልመጣም። እትዬ ዘምዘም ደግሞ ሰላምታ የሚያሳጥሩ ሴት አልነበሩም። እኔ አንዷን «እንደምን አደሩ» እስክጨርስ እሳቸው ስለ እናቴ፣ ስለ ደሴ ብርድ፣ ስለ ሃረጎ ዳገት ጉም ጠይቀው፣ ራሳቸው መልሰው፣ «አልሃምዱሊላህ» ብለው ዘግተውት ነበር። ቀና ስል ቆርቆሮዋን የያዘው እጅ የሳቸው አይደለም። ቀጭን፣ ጣቶቹ ቀለም የነካቸው የተማሪ እጅ ነው። ልጃቸው ሰአዳ ናት። የእናቷን ጥቁር ሻሽ አስራለች። ከኋላዋ ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ቆመዋል። ማንም ምንም ሳይለኝ ገባኝ።

የነገሩኝ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። እትዬ ዘምዘም ለዘመድ ለቅሶ ሐርቡ ወርደው ነበር። ወባ ይዟቸው ተመለሱ። «ነገ ይለቀኛል» እያሉ ቆይተው አረፉ። ቀብራቸው ላይ የአሰብ መስመር ሾፌሮች መኪናቸውን መንገድ ዳር እያቆሙ ወረዱ፤ ተሳቢዎቹ ከከተማው መውጫ አልፈው ተሰልፈው ነበር አሉኝ። ይህን ሁሉ ሲናገሩ ሰአዳ እጇን ከቆርቆሮዋ ላይ አላነሳችም። እኔም አልተቀበልኳትም።

የሰአዳ ክኒን የሚያዝባት የከረሜላ ቆርቆሮ ናት። ክዳኗ ላይ የወፍ ሥዕል ነበር፤ አሁን ከወፉ የቀረው ጅራቱ ብቻ ነው። እትዬ ዘምዘም በመሐረብ ጠቅልለው በጉያቸው ይዘዋት ይመጡ ነበር።

ደሴ የመጣሁት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ ተመድቤ ነው። ፋርማሲ አጥንቼ ስለ መድኃኒት ጥቂት አውቅ ነበር፤ ስለ መስኮት ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። የሆስፒታሉ መድኃኒት ቤት መስኮት ጠባብ ናት። ከውጭ ወረፋው ይጋፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ካርድ ክፍል ስም ይጠራል። ድምፄ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ዝቅ ያለ ነው። ሰዎች አንገታቸውን አስግገው ያዳምጡኛል፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ መድኃኒታቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

እትዬ ዘምዘም አልነቀነቁም።

ረጅም፣ ትከሻቸው የሰፋ፣ ከኮምቦልቻ በጭነት መኪና ጋቢና ተሳፍረው ስለሚመጡ ናፍጣና በርበሬ በአንድነት የሚሸቱ ሴት ነበሩ። በግራ እጃቸው አንዲት ስምንት ዓመት የሚሆናትን ልጅ አንገትጌዋን ይዘዋል። ልጅቷ አንድ እግሯን በአንድ እግሯ ላይ ጭና በመስኮቱ ዘንግ ልትንጠለጠል ትሞክራለች። የሰጡኝ ማዘዣ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። መድኃኒቱን ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ሲታዘዝ አይቼው አላውቅም። በቁልፍ ከሚቆለፈው ቁምሳጥን የሚወጣ፣ ትኩረታቸውን መሰብሰብ ለማይችሉ ልጆች የሚሰጥ የሚያነቃ መድኃኒት ነው። በደሴና በአካባቢዋ ይህን የሚወስድ ሌላ ሰው አላጋጠመኝም።

አወሳሰዱን ነገርኳቸው።

«ምን አልሽ?» አሉኝ።

ደገምኩላቸው።

«ልጄ፣ ድምፅሽን አውጪው። መድኃኒት በሹክሹክታ አይሰጥም። በሹክሹክታ የሚሰጥ መርዝ ነው።»

ወረፋው ሳቀ። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። ግን የቀረ ምርጫ ስላልነበረኝ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ትምህርቷ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋት ቁርስ ከበላች በኋላ አንድ ፍሬ። ከሰዓት በኋላ አይሰጣትም፣ እንቅልፍ ይነሳታል። ጠዋት ከተረሳ ይለፍ፤ በማግስቱ ሁለት ማድረግ የለም። የምግብ ፍላጎቷን ስለሚቀንስ ክብደቷ በየጊዜው ይታይ። ደረቴን ካለች፣ ልቧ ያለ ሥራ ከዘለለ፣ ወይም ራሷን ከሳተች መድኃኒቱን ትተው ወዲያው ወደ ሐኪም። ሐኪሙ ሳያዝ መጨመርም፣ መቀነስም፣ ለሌላ ሰው መስጠትም አይቻልም።

«በቃ?» አሉ። «አሁን ደግሞ እኔ ልንገርሽ፣ አንቺ ስሚኝ። ከተሳሳትኩ በዚያ በቁምሳጥኑ ቁልፍ መስኮቱን ምቺው።»

አንድ በአንድ ነገሩኝ። «ጠዋት ብረሳ ማታ እሰጣታለሁ» ሲሉ መስኮቱን መታሁ። «አይ፣ ይለፋት» ብለው አረሙና ቀጠሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ እንዲሁ ሆነ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ ቁልፉን ይዤ እጠብቃለሁ። አልፎ አልፎ ሆን ብለው ይሳሳታሉ። «አንቀላፍተሽ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው» ይሉኛል።

ኮምቦልቻ መንገድ ዳር የሾፌሮች ምግብ ቤት ነበራቸው። ወደ አሰብ የሚወርድና ከአሰብ የሚወጣ ሁሉ እዚያ ያርፋል። ሰአዳ የተወለደችው ከዚያው ምግብ ቤት ጀርባ ካለው ቤት ውስጥ ነው። ውኃ ቅጂ ተብላ ባልዲ ይዛ ወጥታ፣ ባልዲውን ረስታ ድመት ይዛ የምትመለስ ልጅ ነበረች። አስተማሪዋ ሌሎቹን አስቸገረች ብላ ደጅ ታስቀምጣታለች፤ እሷ ደግሞ ከደጅ ትጠፋለች። ጅኒ ነው ያለም ነበር፣ ቅብጠት ነው፣ አርጩሜ ይበቃታል ያለም ነበር። አንድ ቀን ኳስ ተከትላ መንገድ ገባች፤ ተሳቢ መኪና ከእግሯ ሥር ቆመ። ከመኪናው የወረደው ሾፌር «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ያመማት ነገር አለ እንጂ ጥጋብ አይደለም» አላቸው። ወደ አዲስ አበባ የወሰዳቸውም ያው ሾፌር ነው።

«ሐኪሙ ሲያስረዳኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር» ብለውኛል አንድ ቀን። «ኋላ ምግብ ቤቴን አሰብኩ። ሾፌሮቹ ሁሉ በአንዴ ሲገቡና በአንዴ ሲጮሁብኝ አለ አይደል? አንዱ ጥብስ፣ አንዱ ሻይ፣ አንዱ ሂሳብ። ያን ጊዜ ለማንም ምንም አልሰጥም፣ መሐል ቆሜ እዞራለሁ። የሰአዳ ጭንቅላት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ክኒኑ ጥብሱን አይሠራልኝም። ሰዎቹን ተራ ያስይዝልኛል እንጂ።»

ስለዚህ በቤታቸው የመድኃኒቱ ስም «ተራ አስከባሪው» ሆነ። ሰአዳም ቁርሷን ጨርሳ «ተራ አስከባሪው ይምጣ» ትላለች። ጥብሱን ደግሞ ራሳቸው ይሠሩ ነበር። የቤት ሥራዋን በአጭር በአጭሩ ቆርጠው ይሰጧታል፤ አንዷን ስትጨርስ ተነስታ ሽንኩርት ትልጣለች፣ ተመልሳ ሌላዋን ትጀምራለች። አስተማሪዋን ለምነው የፊት ወንበር አስያዟት። ክብደቷን የሚለኩት ወፍጮ ቤት፣ በእህል ሚዛን ነበር። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት «ዛሬስ ይቺ ጤፍ ስንት ገባች?» እያለ ይመዝናታል። ከቀነሰች እትዬ ዘምዘም በማግስቱ ከእኔ መስኮት ፊት ናቸው። ምሳ ስለሚያስጠላት፣ መድኃኒቱ ከለቀቃት በኋላ ማታ ሁለተኛ እራት ያበሏት ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ እኔን ሳይጠይቁ ሰዓት ቀየሩ። ረመዳን ነበር። ጓደኞቿ ሲጾሙ አይታ ሰአዳም ካልጾምኩ አለች። እናቷም ልጅቷ ቁርስ ካልበላች ክኒኑም አይሰጥም ብለው አሰቡ፤ ክኒኑ ደግሞ መቅረት የለበትም። ስለዚህ በማፍጠሪያ ሰዓት፣ ከሾርባው ጋር ሰጧት። በማግስቱ ዓይናቸው ቀልቶ መጡ።

«እንቅልፍ የለ፣ ምን የለ። ወጥ ቤቱን አጠበች። የሾፌሮቹን ጫማ ሁሉ በቁመት ቁመቱ ደረደረች። ስሁር ልንበላ ሌሊት ስንነሳ 'እማዬ፣ ዶሮዎቹን ቆጠርኳቸው፣ አንዷ እንቅልፍ እምቢ ብሏታል' ትለኛለች። ወላሂ፣ ዶሮዋንም እሷ ናት የከለከለቻት።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ግን ቁልፌን አንስቼ መስኮቱን መታሁ። «ልክ ነሽ» አሉ፣ «ምቺው።» ኋላ ሼሁን ጠየቁ። ሼሁም ልጅ ናት፣ ጾሙ ግዴታዋ አይደለም፣ መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ይስማ አሏቸው። ሰአዳ ግን አልቅሳ አስቸገረች። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ቁርሷን በልታ፣ ክኒኗን ውጣ፣ ከዚያ እስከ ምሳ ትጾማለች። «ክኒኑ ራሱ ምሳ ስለሚያስጠላት ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ የበረታች ጿሚ እሷ ሆነች» አሉኝ። «አላህ ይቁጠርላት እንጂ እኔስ አልተከራከርኩም።»

ሰአዳ ማንበብ ቻለች። የክፍሏ መጨረሻ የነበረችው ልጅ መሐል ደረሰች፤ ድምፅ ከፍ አድርጎ በማንበብ ደግሞ ፊት ሆነች። ችግሩ የጀመረውም ከዚህ ነው። ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት፤ ልጅቷ ክኒን እንደምትውጥ ሁሉ ያውቃል። መጀመሪያ የጠየቃቸው አንድ ሾፌር ነው።

«'ዘምዘሜ፣ ያቺን የንቃት ክኒን አንድ ፍሬ ሽጪልኝ፣ ሚሌ በረሃ ላይ እንቅልፍ ሊገለብጠኝ ነው' አለኝ። 'ላንተ የሚሆን መድኃኒትማ እኔ ጋ አለ' አልኩት። ደስ ብሎት ተከተለኝ። ወስጄ አልጋ አሳየሁት። 'በል፣ ይኸው ዋጠው' አልኩት።»

ሾፌሩ ስቆ ተኛ። ቀጥለው የጠየቁት ጎረቤታቸው ወይዘሮ አስካለ ግን የሚሳቅባቸው ሰው አልነበሩም።

ሁለቱ ቤቶች አንድ አጥር፣ አንድ በር፣ አንድ የውኃ ቧንቧ አላቸው። ለአረፋ እትዬ ዘምዘም ለአስካለ ድርሻ ክርስቲያን አራጅ ይጠራሉ፤ ለፋሲካ አስካለ ለዘምዘም ድርሻ እስላም አራጅ ይጠራሉ። ሰአዳ ስትወለድ እትብቷን የቆረጡት አስካለ ናቸው። በዚያ ግቢ ወንፊትም፣ በርበሬም፣ የራስ ምታት ክኒንም ሲጠየቅ «የለም» አይባልም፤ ካለ ይሰጣል፣ ከሌለ ተፈልጎ ይሰጣል። አስካለ ግርማ የሚባል አንድ ልጅ አላቸው። በዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ ተፈታኝ ነው። ፈተናውን ካለፈ ኮሌጅ ይገባል። ከወደቀ ደግሞ ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ከሚመዘግባቸው ወጣቶች አንዱ እሱ እንደሚሆን ግቢው በሙሉ ያውቃል። ከሰፈራቸው ሄደው ያልተመለሱ ነበሩ።

እትዬ ዘምዘም ያን ወር ሲመጡ ቀልድ አልነበረም። ወረፋው እስኪያልቅ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አስካለ ለመነችኝ» አሉ። «ስኳር እንደምትለምን። 'ለግርማ ለፈተናው ጥቂት ፍሬ ስጪኝ፣ እንቅልፍ እየጣለው ነው' አለችኝ። እምቢ ብል ጉርብትናችን ያልቃል። ልጁ ወድቆ ቢወስዱትና አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ ከአስካለ ዓይን ወዴት እገባለሁ? አሁን አንቺ 'ክልክል ነው' እንዳትዪኝ። ክልክል መሆኑንማ ነግረሽኛል። ለምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። ለሰአዳ የተመጠነው በክብደቷና በጤናዋ ልክ እንደሆነ፤ የትኩረት ችግር የሌለበት ሰው ሲወስደው ብልህ እንደማያደርገው፣ ድካሙን ደብቆበት ብቻ እንደሚያስሮጠው፤ ሰውነት ሊለምደው እንደሚችል፤ ማንም ያላወቀው የልብ ሕመም ካለበት ደግሞ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል። በዚያ ላይ የአንድ ሰው መድኃኒት ለሌላ ከሄደ የሰአዳ ራሷ ይጎድላል፤ ሐኪሙም እምነት ቢያጣ ይከለክላቸዋል።

«ልብ» አሉ፣ የቀረውን ትተው። «አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ማዘዣውን ከመጻፉ በፊት ሰአዳን ልብሷን አስወልቆ፣ ያን ነገር ጆሮው ላይ ተክሎ፣ ብዙ አዳመጣት። ፊት ለፊት፣ በጀርባዋ፣ አስሩጦ ደግሞ። 'በቤተሰብ በልብ በድንገት የሞተ አለ ወይ?' ብሎም ጠየቀኝ። ምን ያደርግልሃል ብዬ ነበር በሆዴ።» ቆርቆሮዋን በመሐረቡ ጠቀለሏት። «የሰአዳን ልብ ሳይሰማ አልሰጣትም። የግርማን ልብ ማን አዳመጠው?»

«ለወይዘሮ አስካለ ምን ይሏቸዋል?»

«እምቢማ አልላትም። ልጁን እዚህ ሐኪም ዘንድ አመጣዋለሁ።»

በሳምንቱ ሦስቱም መጡ። ወይዘሮ አስካለ አጭር፣ ጠይም፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሴት ናቸው። ከእትዬ ዘምዘም አግዳሚውን ሙሉ ርቀው ተቀመጡ። መሐል ላይ ግርማ፣ ጉልበቱን አጥፎ። ዓይኑ ሥር ጠቁሯል።

«ላንድ ክኒን ሃረጎን አስወጣችኝ» አሉ አስካለ፣ ለእኔ ይሁን ለግድግዳው ሳይለይ። «እኔ እትብት ስቆርጥ ሐኪም አምጪ አላልኩም።»

«አንቺማ እጅሽ በረካ ያለው ነው» አሉ እትዬ ዘምዘም። «እኔ ግን ክኒን አልሠራሁ፣ ምኑን አውቄ?»

ተራቸው ሲደርስ እትዬ ዘምዘም ክንዴን ያዙ። «አንቺም ግቢ። ምስክር ትሆኚኛለሽ።»

የሆስፒታላችን ሐኪም ድካም የማይለየው፣ ንግግሩ አጭር ሰው ነበር። የመጡበትን ሰምቶ አልተቆጣም። ግርማን ሸሚዙን አስወልቆ ልቡን አዳመጠ፤ አስቀምጦ አዳመጠ፣ አስቁሞ አዳመጠ። የወይዘሮ አስካለ እጅ ማተባቸው ላይ ነበር።

«ልቡ ደህና ነው» አለ።

ወይዘሮ አስካለ ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «ይኸው። ተደመጠ። አሁንስ ምን ትዪኛለሽ ዘምዘም?»

እትዬ ዘምዘም ወደ ሐኪሙ ዞሩ። «እርስዎ ይጻፉለትና እኔ ራሴ ተሸክሜ አመጣለታለሁ። ወላሂ።»

ሐኪሙ አልጻፈም። «ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» አለው ግርማን።

«ብዙም አልተኛም።»

«ምን ስትሠራ?»

ልጁ እናቱን አየ። «ጫት እየቃምኩ አነባለሁ።»

«ጫት?» አሉ ወይዘሮ አስካለ። ነጠላቸው ከአፍንጫቸው ወረደ።

«አነባለሁ፣ ግን አይገባኝም» አለ ግርማ። «ያንኑ ገጽ ደጋግሜ አነባለሁ። የሚታየኝ ገጹ አይደለም። የሰፈራችንን ልጆች ለውትድርና የወሰደው መኪና ነው።»

ኋላ ሐኪሙ ለወይዘሮ አስካለ ቀስ ብሎ አስረዳቸው። ሰአዳ ከልጅነቷ ያለባት ችግር እሱ የለበትም። ክኒኑ እሷን ያግዛታል፤ ከእሱ ግን የቀረችውን እንቅልፍ ነው የሚወስድበት። እንቅልፍ የሌለው ጭንቅላት ደግሞ ያነበበውን አይዝም። ጫቱን ይተው፣ ይተኛ፣ ከሰው ጋር ያጥና። ይኼው ነው ማዘዣው አላቸው።

ደጅ ስንወጣ ወይዘሮ አስካለ ቆሙ። «እንግዲህ ባዶ እጄን ልመለስ?»

«ባዶ እጅሽን ማን ይመልስሻል?» አሉ እትዬ ዘምዘም። «ክኒኑን አልሰጥሽም። ባለቤቷን ልስጥሽ።»

አስካለ አልገባቸውም፤ እኔም አልገባኝም ነበር።

«ሰአዳን ውሰጂያት። ከምሳ በኋላ ክኒኑ ይለቃታል፤ መቀመጥ አትችልም፣ ማንበብ ግን ትወዳለች። የግርማን መጽሐፍ ይዛ ግቢውን ትዙርና ጥያቄ ትጠይቀው። እሱም አብሯት ይዙርና ይመልስ። ዞሮ የሚያንቀላፋ ሰው አላየሁም። እሷ የምትተኛበት ሰዓት ደግሞ የታወቀ ነው፤ እሷ ስትተኛ እሱም ይተኛል። የጫቱን ነገር ለኔ ተዉልኝ፣ ኮምቦልቻ የሚሸጥለት ካለ ምግብ ቤቴ አይደርስም።»

ግርማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ኬሚስትሪ ሰአዳ ትጠይቀኝ?»

«አትናቃት። ካልመለስክ አንተን ትታ ለዶሮዎቹ ትነግርብሃለች።»

እንዳሉት ሆነ። በየወሩ ወሬውን ያመጡልኝ ነበር። ሰአዳ ቃላቱን ሳታውቃቸው እየጮኸች ታነባለች፤ ሾፌሮቹ ሻያቸውን ይዘው በአጥሩ ላይ ተደግፈው ያዳምጣሉ፤ ግርማ ሲያቅተው አንዳንዱ ሾፌር የተሳሳተ መልስ ይወረውራል፤ ሰአዳ ትስቅና መጽሐፉን ትጥላለች፣ ታነሳና ትቀጥላለች። ጓሮው በሁለቱ ዱካ ተረግጦ ሣር እምቢ አለ። ወይዘሮ አስካለ ግን ለረጅም ጊዜ ከቡና ሰዓት ቀርተው ነበር። «ሰላም ትለኛለች፣ ግን በበሩ በኩል ነው» አሉኝ እትዬ ዘምዘም። «'አብሽሪ፣ አይዞሽ' እላታለሁ በሆዴ። ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው፣ ትፍራ።»

«እርስዎስ አልፈሩም?»

«እኔማ ከሷ ይበልጥ ፈርቻለሁ። ቢወድቅ በኔ ነው የሚሆነው።»

ግርማ ኮሌጅ የሚያስገባውን ውጤት አመጣ። የሚያስጨበጭብ አልነበረም፤ ግን በቃው። ያን ወር እትዬ ዘምዘም መስኮቴ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ አስካለ አብረዋቸው ነበሩ፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው። እትዬ ዘምዘም መመሪያውን ሲናገሩ ሆን ብለው ተሳሳቱ። ቁልፌን ከማንሳቴ በፊት መስኮቱን የመቱት ወይዘሮ አስካለ ናቸው።

እነሆ አሁን ከመስኮቴ ፊት የቆሙት ሰአዳና ወይዘሮ አስካለ ናቸው። እትዬ ዘምዘም የሉም።

ሰአዳ አሁን ልጃገረድ ሆናለች። ሐኪሟ በየዓመቱ ያያታል፤ መጠኑም እንደ ዕድሜዋ ተለዋውጧል፤ በትምህርት እረፍት ጊዜ ደግሞ በሐኪሙ ፈቃድ ያሳርፋታል። ምናልባት አንድ ቀን ጭራሹን አያስፈልጋት ይሆናል ብሏል። ግን በዚያ ጠዋት ያሰብኩት ይህን አልነበረም። ማን ይመዝናታል? ማን ቁርሷን በልታ እንደሆነ ያያል? ቆርቆሮዋ ክፍት ቤት ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሾፌር ከሚወጣ ከሚገባበት ቤት ውስጥ፣ የት ትቀመጣለች?

«መድኃኒቱን ቤት ውስጥ የሚይዘው ማነው?» አልኩ።

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። አንገታቸው ላይ ካለው ጥቁር ማተብ ጋር ቆርቆሮዋ የምትቆለፍበት ሳጥን ትንሽ ቁልፍ ታስራለች።

«ሕመሙ ሲጠናባት ጠርታ ሰጠችኝ» አሉ። «'ከሰው ሁሉ ላንቺ የምሰጥሽ እምቢ መባልን ስለምታውቂው ነው' አለችኝ። ስትስቅ አየኋት። በዚያ ትኩሳት።»

ቆርቆሮዋን ተቀበልኩ። የዚህን ወር ቆጥሬ ጨመርኩና ክዳኗን ገጠምኩ። ከዚያ እንደ ልማዳችን ቁልፌን ይዤ ጠበቅሁ። ሰአዳ ጀመረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ወረፋው ከኋላዋ ይጋፋል።

«ልጄ፣ ድምፅሽን አውጪው» አልኳት። ከመስኮቱ ወጥቶ እስከ ካርድ ክፍሉ የተሰማው ድምፅ የኔ ነበር። «መድኃኒት በሹክሹክታ አይሰጥም።»

ቀና ብላ አየችኝ። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ፤ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከተረሳ ይለፍ፣ ክብደት ወፍጮ ቤት፣ ደረቴን ካልኩ ወደ ሐኪም፣ ለማንም አልሰጥም። ቁልፌን አላነሳሁም። የሚመታ አልነበረም።

ከኋላቸው የቆመች፣ ከኩታበር የመጣች የምትመስል አንዲት እናት ሁሉንም ሰምታ ኖሮ የወይዘሮ አስካለን ነጠላ ሳብ አደረገች። «እመቤቴ፣ እኔም ትምህርት እምቢ ያላት ልጅ አለችኝ። አንድ ቦታ አትረጋም። እስቲ ከዚያች ከቆርቆሮዋ አንድ ሁለት ፍሬ ይስጡኝ፣ ልሞክርላት።»

ሰአዳ ቆርቆሮዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ወይዘሮ አስካለ ሴትዮዋን በደንብ አዩዋት። እጃቸው ሄዶ ማተባቸውን ያዘ።

«የልጅሽን ልብ ማን አዳመጠው?» አሏት።

«ኧረ ማንም።»

«እንግዲያ ነገ ይዘሻት ነይ» አሉ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ ያለውን የሐኪሙን አግዳሚ እያሳዩዋት። «እዚያ ተራ ያዢ። እኛም እዚያ ተቀምጠን ነው ያስደመጥነው።»